የማይበርድ ብግነት

በ1882 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፣ በሩሲያ ግዛት የተወለደው የእንስሳት ተመራማሪ ኤሊ ሜችኒኮፍ፣ በሲሲሊ ደሴት መሲና ከተማ ሆኖ፣ የውስጥ አካሏ ከውጭ የሚታይ የኮከብ ዓሣ እጭ በትንሽ እሾህ ወጋና አሳደራት። ጠዋት በማይክሮስኮፕ ሲያያት ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት እሾሁን ከበውታል። እጯ ደም ሥር የላትም፤ ስለዚህ ሕዋሳቱ እሾሁ ዘንድ የደረሱት በራሳቸው ተጉዘው ነው። ሜችኒኮፍ ከዚህ ተነሥቶ የሰውነት መከላከያ ባዕድ ነገርን የሚውጡ ሕዋሳት ሥራ ነው አለ። በጀርመን እነ ፓውል ኤርሊክ ደግሞ ዋናው መከላከያ በደም ፈሳሽ ውስጥ ያለው አንቲቦዲ ነው ብለው ተከራከሩ። የ1908ቱ የኖቤል ሽልማት ለሜችኒኮፍና ለኤርሊክ በጋራ ተሰጠ፤ ሁለቱም የያዙት እውነት ነበርና።

እሾህ እግር ሲወጋ ቀድመው የሚነቁት ከቆዳ ሥር የሚኖሩት ዋጭ ሕዋሳት፣ ማክሮፋጆች ናቸው። እያንዳንዱን ጀርም ለይተው አያውቁም፤ የሚያውቁት ብዙ ባክቴሪያዎች የሚጋሩትን፣ በሰው ሕዋስ ላይ ግን የሌለውን ቅርጽ ነው። አሜሪካዊው ቻርልስ ጄንዌይ እንዲህ ያለ መለያ መኖር አለበት ብሎ በ1989 ተነበየ። በ1996 በፈረንሳይ የሚሠራው የዡል ሆፍማን ቡድን በፍራፍሬ ዝንብ፣ በ1998 ደግሞ የብሩስ ቦይትለር ቡድን በአይጥ ላይ አገኙት። ማክሮፋጁ ሲነቃ ሳይቶካይን የሚባሉ ኬሚካላዊ መልእክቶችን ይረጫል። ቀጫጭን የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ቦታው ይቀላል፣ ይግላል። ግድግዳቸው ላልቶ ፈሳሽ ይወጣል፤ ቦታው ያብጣል። ፕሮስታግላንዲን የሚባለው ንጥረ ነገር ነርቭ ይነካል፤ ይጠዘጥዛል። ሮማዊው ጸሐፊ ሴልሰስ ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የመዘገባቸው አራቱ የብግነት ምልክቶች እነዚሁ ናቸው። በላላው ግድግዳ በኩል ኒውትሮፊል የተባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ይጎርፋሉ። መቅኔ በየቀኑ በአሥር ቢሊዮኖች የሚቆጠሩ ያመርታል፤ ዕድሜያቸው ግን አጭር ነው። መግል በአብዛኛው የእነሱ ሬሳ ነው።

ይህ ካልበቃ፣ ሌሎች ሕዋሳት የጀርሙን ቁራጭ ተሸክመው ወደ ሊምፍ ዕጢ ያደርሳሉ። ብሽሽት ወይም ብብት ላይ ንፍፊት የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። ዕጢው ውስጥ ካሉት ስፍር ቁጥር የሌላቸው ቲ እና ቢ ሕዋሳት መካከል ከቁራጩ ጋር የሚገጥሙት ጥቂቶች ተመርጠው ይባዛሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሆን ሳምንት ገደማ ይፈጃል፤ ትዝታው ግን ዕድሜ ልክ ሊቆይ ይችላል። በ1846 ኩፍኝ ፋሮ ደሴቶች ሲገባ፣ በ1781 ታመው የነበሩ አዛውንቶች ከ65 ዓመት በኋላም ሳይያዙ መቅረታቸውን ዴንማርካዊው ሐኪም ፔተር ፓኑም መዝግቧል። ክትባት የሚሠራው በዚህ ትዝታ ነው።

መስኩ ለረጅም ጊዜ ችላ ያለው ጥያቄ፣ ይህ ሁሉ እንዴት ይቆማል የሚለው ነበር። ጀርሙ ሲያልቅ ብግነቱም በራሱ ጊዜ የሚከስም ይመስል ነበር። ነገሩ እንዲያ አይደለም፤ ማቆም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የቦስተኑ ቻርልስ ሰርሃን እንዳሳየው፣ ሕዋሳት ኦሜጋ 3 ከሚባለው የስብ ዓይነት ሪዞልቪን የተሰኙ የማብቂያ ትእዛዞችን ይሠራሉ። ማክሮፋጆችም የሞቱትን ኒውትሮፊሎች ውጠው ፊታቸውን ወደ ጥገና ያዞራሉ። ጃፓናዊው ሺሞን ሳካጉቺ በ1995 ሌሎቹን የሚገቱ ልዩ ቲ ሕዋሳት መኖራቸውን አሳየ። ሜሪ ብራንኮውና ፍሬድ ራምስዴል ደግሞ እነዚህ ሕዋሳት ያለ እሱ የማይሠሩትን ጂን ለዩ፤ ሦስቱም የ2025ን የኖቤል ሽልማት ተጋሩ። ይህ ጂን የተበላሸባቸው ወንድ ሕፃናት ገና በጨቅላነታቸው አንጀታቸውን፣ ቆዳቸውንና ቆሽታቸውን የገዛ መከላከያቸው ያጠቃባቸዋል።

ስለዚህ በየቤቱ የሚነገረው «የመከላከል አቅምን ማጠንከር» ግማሽ ወሬ ነው ባይ ነኝ። በኮሮና ሰሞን ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ሎሚ በተወደደበት ወቅት፣ በብሪታንያ የተካሄደው ሪከቨሪ የተሰኘ ጥናት በሰው ሠራሽ መተንፈሻ ላይ ከነበሩ ሕሙማን የሞቱትን ቁጥር በሲሶ ገደማ የቀነሰ መድኃኒት አገኘ። ያ ርካሽ መድኃኒት፣ ዴክሳሜታሶን፣ ሥራው መከላከያውን ማጠንከር ሳይሆን መግታት ነው። ኦክስጅን ለማያስፈልጋቸው ቀላል ሕሙማን ግን አልጠቀመም።

ብግነት የማያባራበት አንዱ ምክንያት፣ ዋጮቹ ሊያጠፉት የማይችሉት ነገር መኖሩ ነው። ለዚህ ከኢትዮጵያ ደጋ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ዝሆኔ በብዙ የዓለም ክፍል በትንኝ በሚተላለፍ ትል ይመጣል። በወላይታ፣ በጎጃምና በሌሎች ቀይ አፈር ባላቸው አካባቢዎች ግን ትሉ ሳይኖር እግር ያብጣል። እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ የሕሙማኑን ሊምፍ ዕጢ መርምሮ ማክሮፋጆች ውስጥ የደቀቀ የማዕድን ብናኝ አገኘ። ከእሳተ ገሞራ ዓለት የተገኘው አፈር በባዶ እግር ቆዳ ዘልቆ ይገባል፤ ማክሮፋጆች ይውጡታል፤ ሊፈጩት ግን አይችሉም። ለዓመታት ሲበግን የሊምፍ መተላለፊያው ጠባሳ ሆኖ ይደፈንና እግሩ ያብጣል። በአገሪቱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች እንደተያዙ ይገመታል።

በአንድ ማሳ ላይ በባዶ እግሩ ከሚውል ሕዝብ የሚታመመው ግን ሁሉም አይደለም። የፋሲል ተኮላ አየለና የባልደረቦቹ ጥናት በ2012 እንዳመለከተው፣ ባዕድ ነገርን ለቲ ሕዋሳት ከሚያሳዩት ጂኖች መካከል የተወሰኑት ለዚህ በሽታ ያጋልጣሉ። ሰዉ «በዘር ነው» ብሎ ከሕሙማን ቤተሰብ ጋር ጋብቻ ሲሸሽ ኖሯል። ዘር ድርሻ አለው፤ ሆኖም እግሩ አፈሩን ካልነካ ዘሩ ብቻውን ማንንም አያሳብጥም። ሕክምናውም ሳሙናና ውኃ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ ነው። በምሥራቅ ጎጃም ተደርጎ በ2018 ውጤቱ የታተመ ጥናት፣ ይህ እንክብካቤ ሕሙማኑን በየጊዜው አልጋ ላይ የሚጥለውን ትኩሳትና ሕመም እንደሚቀንስ አረጋግጧል።

ጨጓራም ከዚሁ ወገን ነው። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ በአሲዱ መካከል መኖር ስለሚችል የጨጓራው ግድግዳ ለአሥርት ዓመታት ይበግናል፤ ከተያዙት ጥቂቶቹም ወደ ካንሰር ያመራሉ። አውስትራሊያዊው ባሪ ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ በታመመበት ጊዜም፣ ብዙ ሐኪሞች ጥፋቱን በጭንቀትና በቃሪያ ያላክኩ ነበር።

የልብ ቫልቭ በሽታ ግን ሌላ መንገድ አለው። ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ጉሮሮ በብዛት የሚያጠቃው ስትሬፕቶኮከስ፣ የልብን ፕሮቲን የሚመስል ፕሮቲን አለው። ባክቴሪያውን እንዲያጠፋ የተሠራው አንቲቦዲና ቲ ሕዋስ በአንዳንድ ልጆች ቫልቩንም ያጠቃል፤ ቫልቩ ጠባሳ ይይዛል። እንጥል ማስቆረጥ ባክቴሪያውን አያጠፋም፤ ለሌላ ኢንፌክሽንና ለደም መፍሰስ ያጋልጣል እንጂ። በጊዜው የተሰጠ ፔኒሲሊን ግን አደጋውን ይከላከላል። አንዴ በሽታው የያዘው ልጅ በየሦስትና አራት ሳምንቱ ለዓመታት መርፌ መወጋት ይኖርበታል።

ጀርምም ብናኝም የሌለበት ብግነት አለ፤ ዛሬ ብዙ የምርምር ገንዘብ የሚፈስሰው ወደዚህ ነው። በ1993 ትውልደ ቱርኩ ጎክሃን ሆታሚስሊጊልና ባልደረቦቹ፣ የወፈሩ አይጦች ስብ ቲኤንኤፍ የተባለ የብግነት መልእክት እንደሚያመነጭና ይህም የኢንሱሊንን ሥራ እንደሚያውክ አሳዩ። በኋላም ማክሮፋጆች ስቡ ውስጥ ገብተው እንደሚከማቹ ታወቀ። የድሎት ምልክት ተደርጎ የኖረው ቦርጭ፣ እንግዲህ፣ የተጠራቀመ ጉልበት ብቻ አይደለም። በደም ቅዳ ግድግዳ ላይም ማክሮፋጆች ኮሌስትሮል ይውጣሉ፤ ጠግበው እዚያው ይቀራሉ፤ የተከማቸው ሲፈነዳ ደም ይረጋና ልብ ወይም አንጎል ደም ያጣል። በ2017 ይፋ በሆነ ጥናት፣ ቀደም ሲል የልብ ጥቃት የደረሰባቸውና ሲአርፒ የተባለው የብግነት መለኪያ በደማቸው ከፍ ያለ 10 ሺህ ገደማ ሰዎች ተሳትፈዋል። ኮሌስትሮልን ሳይነካ ብግነትን ብቻ የሚገታው ካናኪኑማብ፣ ዳግም ጥቃትን፣ ስትሮክንና በልብና በደም ሥር በሽታ መሞትን በጥቅሉ በ15 በመቶ ቀነሰ። በአንጻሩ በኢንፌክሽን የሞቱት ከፍ አሉ። ዋጋውም የማይቀመስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዓይን የተጣለው ለሪህ በሚሰጠው አሮጌ መድኃኒት፣ በኮልቺሲን ላይ ነው፤ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2023 ለልብ ፈቅዶታል።

በመገጣጠሚያ ብግነት ለሚሠቃዩ ደግሞ ቲኤንኤፍን የሚያግዱ መድኃኒቶች ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ትልቅ እፎይታ ሰጥተዋል። ይሁንና የቲቢን ባክቴሪያ በሳንባ ውስጥ አጥሮ የሚይዘው የሕዋሳት ግንብ የሚቆመው በዚሁ ቲኤንኤፍ ነው። በ2001 መድኃኒቱን ከጀመሩ ሕሙማን አንዳንዶቹ ላይ ተኝቶ የነበረው ቲቢ መነሣቱ ተዘገበ። እንደ ኢትዮጵያ የተኛ ቲቢ የያዘው ሰው በበዛበት አገር ይህ የዳር ነገር አይደለም። ስለዚህ መድኃኒቱ ከመታዘዙ በፊት የቲቢ ምርመራና የደረት ራጅ ይደረጋል፤ የተኛ ቲቢ ከተገኘም መጀመሪያ የቲቢ መከላከያው ኪኒን ይጀመራል፤ የመገጣጠሚያው ሕመምተኛ ተራውን ይጠብቃል።