ቅናሽ የወጣለት የቆየ ስማርት ስልክ፦ ከዋጋው በፊት ዕድሜው ይጠየቅ

ባሕር ዳር፦ ታኅሣሥ 9/2018 ዓ.ም

የመኸር ሰብል ተወቅቶ ወደ ገበያ በሚወጣበት በዚህ ወቅት በአርሶ አደሩም ኾነ በከተማ ነዋሪው የግዥ ዕቅድ ውስጥ ስማርት ስልክ አንዱ እየኾነ መጥቷል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም፣ ኤምፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2015 ዓ.ም በሀገራችን ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ስልክ የመነጋገሪያ ዕቃ ብቻ አይደለም፤ የእህል ሽያጭ ገንዘብ የሚያርፍበት ቦርሳም ኾኗል።

በዚሁ ወቅት የስልክ መሸጫ ሱቆች «ቅናሽ» የሚል ማስታወቂያ መለጠፋቸው የተለመደ ነው። ዋጋቸው የሚቀንሰው ስልኮች ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሦስትና ከአራት ዓመት በፊት የወጡ ሞዴሎች ናቸው። አንዳንዶቹ ሳጥናቸው ያልተከፈተ፣ ሌሎቹ ደግሞ ያገለገሉ ናቸው። ለመኾኑ እንዲህ ያለው ስልክ ይገዛል ወይስ ይታለፋል?

በሬ የሚገዛ አርሶ አደር ዋጋ ከመጥራቱ በፊት አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል። ስንት ክረምት እንደሚያርስለት የሚገምተው በዚያ ነው። ስልክም ሲገዛ ሊጠየቅ የሚገባው ዋናው ጉዳይ ይኸው ነው፤ ስንት ብር ተቀነሰለት ሳይኾን ስንት ዓመት ይቀረዋል? ይህን ለማወቅ የሚረዱ ምልክቶችን እንደሚከተለው እንመልከት።

በቅድሚያ፦ ስማርት ስልክ በርግጥ ያስፈልጋል?

በስልክ የሚገኙ በርካታ አገልግሎቶች በቁልፍ ስልክም ይሠራሉ። በ2006 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የአርሶ አደሮች ነጻ የስልክ መረጃ አገልግሎት 8028 ተደውሎለት በድምጽ መልስ የሚሰጥ በመኾኑ ስማርት ስልክ አይፈልግም። ቴሌብርን በ*127#፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን የሞባይል አገልግሎት ደግሞ በ*889# ያለ ኢንተርኔት መጠቀም ይቻላል። ፍላጎቱ መደወል፣ ገንዘብ መላክና የግብርና ምክር መስማት ብቻ ለኾነ ሰው ባትሪው ለቀናት የሚቆይ የቁልፍ ስልክ የተሻለ ግዥ ሊኾን ይችላል።

በሌላ በኩል የታመመ ሰብል ፎቶ አንስቶ ለልማት ሠራተኛው በቴሌግራም መላክ፣ የገበያ ዋጋ በቡድን መከታተል፣ ለልጆች የትምህርት ጽሑፍ ማውረድ ወይም ባሕር ማዶ ካለ ዘመድ ጋር እየተያዩ መነጋገር የሚፈልግ ስማርት ስልክ ያስፈልገዋል። ከዚህ በታች ያለው ማብራሪያ ለዚህ ገዥ ነው።

ዓመተ ምሕረቱ እንዳያሳስት

በስልክ ሳጥን ላይ የሚታተመውም ኾነ በስልኩ ውስጥ የሚገኘው ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፈ ነው። ይህ ቀላል ቢመስልም ብዙ ገንዘብ ሊያሳጣ ይችላል። ዘንድሮ በ2018 ዓ.ም ስልክ የሚገዛ ሰው በሳጥኑ ላይ «2018» የሚል ቁጥር ቢያይ ዕቃው የዘንድሮ ሊመስለው ይችላል። በአውሮፓውያኑ 2018 ማለት ግን በእኛ 2010 ወይም የ2011 ዓ.ም መጀመሪያ ነው። ስለዚህ ስልኩ ሰባት ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ኾኖታል ማለት ነው።

በግርድፉ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ልዩነት ሰባት ዓመት፣ ከጥር እስከ ጳጉሜን ያለው ደግሞ ስምንት ዓመት ነው። በስልኩ ላይ የሚታየውን ዓመት በዚህ ቀንሶ ማንበብ የመጀመሪያው እርምጃ ይኾናል። ሳጥኑ ቀን ከሌለው የሞዴሉን ስም ኢንተርኔት ላይ በመፈለግ መቼ ገበያ እንደገባ ማወቅ ይቻላል። ይህን ራሱ ማድረግ የማይችል ገዥ ሻጩ ፊት ለፊቱ ፈልጎ እንዲያሳየው ይጠይቅ።

የደኅንነት ማሻሻያ

ስልክ ከተሸጠ በኋላም አምራቹ በውስጡ የተገኙ ስህተቶችንና ለሌባ ክፍት የኾኑ ቀዳዳዎችን እየደፈነ በኢንተርኔት ማሻሻያ ይልካል። ይህ አገልግሎት ግን ለዘላለም አይቀጥልም። ጊዜው የሚቆጠረውም ስልኩ ከተገዛበት ቀን ሳይኾን ሞዴሉ ገበያ ከገባበት ቀን ጀምሮ ነው። ሦስት ዓመት በመደርደሪያ ላይ የቆየ ስልክ፣ ሳጥኑ ባይከፈትም፣ ከማሻሻያ ዕድሜው ሦስት ዓመት ተበልቷል።

በሀገራችን ገበያ የሚታወቁ ሁለት ስልኮችን በምሳሌነት እንውሰድ። የሳምሰንግ ጋላክሲ ኤ12 በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም አካባቢ ገበያ የገባ ነው። ኩባንያው ለዚህ ዓይነት ስልኮቹ የገባው ቃል ቢያንስ አራት ዓመት የደኅንነት ማሻሻያ በመኾኑ የተገባለት ጊዜ በ2017 ዓ.ም አልቋል። ጋላክሲ ኤ15 ደግሞ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም ወጥቶ የአምስት ዓመት ቃል የተገባለት ስለኾነ ሦስት ዓመት ገደማ ይቀረዋል። ሁለቱ ስልኮች በሱቅ መስታወት ውስጥ ጎን ለጎን ቢቀመጡ በመልክ ብዙም አይለያዩ ይኾናል፤ በቀሪ ዕድሜ ግን አይገናኙም። ዋጋቸው ዝቅተኛ የኾኑ ብዙ ስልኮች የሚያገኙት የማሻሻያ ጊዜ ከዚህም ያጠረ ነው።

ይህን ለማረጋገጥ በስልኩ «ቅንብሮች» ውስጥ «ስለ ስልኩ» የሚለውን ከፍቶ ሁለት ነገር ማየት ይበቃል፤ የአንድሮይዱን ቁጥርና የመጨረሻውን የደኅንነት ማሻሻያ ቀን። ለምሳሌ አንድሮይድ 12 በመስከረም 2014 ዓ.ም የወጣ ሲኾን ጉግል ለእርሱ ማሻሻያ ማዘጋጀቱን በመጋቢት 2017 ዓ.ም አቁሟል። ስልኩ በኢንተርኔት ማሻሻያ ከተፈለገለት በኋላም የሚያሳየው ቀን ከአንድ ዓመት በላይ ያለፈው ከኾነ አምራቹ እንደተወው መገመት ይቻላል።

ማሻሻያ የቆመለት ስልክ በዚያው ቀን መሥራቱን አያቆምም። ለመደወል፣ ሬዲዮ ለመስማት፣ ፎቶ ለማንሳት ለዓመታት ሊያገለግል ይችላል። ስጋቱ የሚጨምረው የቤተሰቡ ገንዘብ የሚንቀሳቀስበት ሲኾን ነው። እንዲህ ያለ ስልክ ያለው ሰው በቴሌግራም የተላከለትን መተግበሪያ ከመጫን ይቆጠብ፤ ከፕሌይ ስቶር ብቻ ያውርድ። የሚስጥር ቁጥሩን ለማንም አይንገር፤ በስልኩ የሚያንቀሳቅሰውንም ገንዘብ ይመጥን።

መተግበሪያዎችም በየጊዜው አሮጌ ስልኮችን ይተዋሉ። ዋትስአፕ ከጥቅምት 2016 ዓ.ም ጀምሮ ከአንድሮይድ 5 በታች በኾኑ ስልኮች ላይ መሥራት አቁሟል። በመስከረም 2007 ዓ.ም የወጣው አይፎን 6ም ከሚያዝያ 2017 ዓ.ም ወዲህ ዋትስአፕን አይቀበልም። የስም ታላቅነት ከዚህ አያድንም።

ባትሪ በሳጥን ውስጥም ያረጃል

የስልክ ባትሪ ልክ እንደ ዘር በመጋዘን ውስጥ ሲቆይ ጉልበቱ ይቀንሳል። ሳይነካ የተቀመጠ ቢኾንም ዓመታት ሲያልፉ የመያዝ አቅሙ ይደክማል። በሥራ ላይ የዋለ የስልክ ባትሪ ደግሞ በአብዛኛው 500 ጊዜ ያህል ሙሉ በሙሉ ከተሞላና ካለቀ በኋላ የቀድሞ አቅሙ ወደ 80 ከመቶ ይወርዳል። በየቀኑ ቻርጅ የሚደረግ ስልክ እዚህ ደረጃ ላይ ለመድረስ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ይበቃዋል።

የመብራት ኃይል ባልደረሰበት ቀበሌ ለሚኖር ሰው ይህ ከሁሉም በላይ የሚታይ ነው። በሶላር ወይም ከተማ ወጥቶ ቻርጅ የሚያደርግ ገዥ በአንድ ሙሌት ቀኑን የማያደርስ ስልክ በቅናሽ ቢያገኝም አይጠቅመውም። ስለዚህ ከግዥው በፊት ለሞዴሉ የሚኾን ባትሪና ስክሪን በአቅራቢያው ገበያ መኖሩን፣ ዋጋውም ስንት እንደኾነ ጠጋኝ መጠየቅ ተገቢ ነው። እዚህ ላይ የቆየ ስልክ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ብዙ ሰው የያዘው ሞዴል መለዋወጫው በቀላሉ ይገኛል፤ ጠጋኞችም ችግሩን ለይተው ያውቁታል።

ራም፣ ሚሞሪና ኔትወርክ

ራሙ 2 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በታች የኾነ ስልክ ዛሬ ቴሌግራምና የባንክ መተግበሪያ አንድ ላይ ሲከፈቱበት ይንቀራፈፋል። 16 ጊጋባይት ሚሞሪ ካለው ደግሞ ጉልህ ድርሻውን የስልኩ የራሱ ሥርዓት ስለሚይዘው ጥቂት ወራት ሳይቆይ «ቦታ የለም» ማለት ይጀምራል። ለጥቂት ዓመታት እንዲያገለግል የሚፈለግ ስልክ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ሚሞሪ ቢኖረው ይመረጣል። በዚህ ረገድ ከሦስት ዓመት በፊት በውድ ዋጋ የወጣ ባለ 6 ጊጋባይት ራም ስልክ ዛሬ ከሚወጣ ባለ 2 ጊጋባይት አዲስ ስልክ ፈጥኖ ሊሠራ ይችላል። አዲስ የኾነ ሁሉ ይሻላል ማለት አይደለም።

ኔትወርክን በተመለከተ 4ጂ የማይቀበል ስልክ መግዛት አይመከርም። በአንጻሩ 5ጂ ላልደረሰበት አካባቢ ነዋሪ ለ5ጂ ተብሎ ተጨማሪ መክፈል ጥቅም የለውም። ከአሜሪካ ወይም ከሌላ ሀገር የመጣ ስልክ ከአንድ የቴሌኮም ኩባንያ ጋር የተቆለፈ ሊኾን ስለሚችል የራስን ሲም አስገብቶ ሳይሞክሩ መክፈል አይገባም።

ሱቅ ውስጥ የሚደረግ ፍተሻ

ከመክፈል በፊት ግማሽ ሰዓት መመደብ ብዙ ጸጸት ያስቀራል። *#06# ሲደወል በስክሪኑ ላይ የሚወጣው ባለ 15 አኃዝ መለያ ቁጥር በሳጥኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መኾኑን ማየት ያስፈልጋል። ካልተመሳሰለ ሳጥኑ የሌላ ስልክ ነው። ያገለገለ ስልክ ከኾነ የቀድሞው ባለቤት የጉግል አካውንት መውጣቱን ማረጋገጥ ይገባል፤ አካውንቱ ካልወጣ ስልኩ ከባዶ ሲጀመር ይቆለፋል፣ የይለፍ ቃሉንም ይጠይቃል።

የራስን ሲም አስገብቶ መደወል፣ ኢንተርኔት ከፍቶ ቴሌብርን ወይም የሚጠቀሙበትን የባንክ መተግበሪያ እዚያው ማውረድ ይጠቅማል። መተግበሪያው «ከዚህ ስልክ ጋር አይስማማም» ካለ ውሳኔው በዚያው ያልቃል። ስልኩን ደጅ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ስክሪኑ መነበቡን ማየት ለአርሶ አደር ከሁሉም ይቀድማል። አንድ ቅጠል ወይም የእህል ፍሬ በቅርበት ፎቶ አንስቶ ማጉላትም ጥሩ መፈተኛ ነው፤ ቢጫ ዋግ ወይም ተምች የበላው ቅጠል በፎቶ ተልኮ ባለሙያ የሚለየው ካሜራው ቅርቡን አጥርቶ ካነሳ ብቻ ነው። የጀርባ ክዳኑ ያበጠ ወይም ከጠርዙ የተነሳ ስልክ ባትሪው የተበላሸ ሊኾን ስለሚችል መተው ይሻላል። በመጨረሻም ደረሰኝና የዋስትና ጊዜውን በጽሑፍ መቀበል ያስፈልጋል።

ዋጋውን በቀሪ ዓመታት ማካፈል

ምልክቶቹ ከታዩ በኋላ ውሳኔው ወደ ቀላል ስሌት ይወርዳል። የሚከተሉት ዋጋዎች ለማስረጃ ሳይኾን ለማስላት ያህል የቀረቡ ናቸው። አዲስ የወጣ ስልክ 14 ሺህ ብር ቢኾንና አራት ዓመት ያገለግላል ተብሎ ቢገመት በዓመት 3 ሺህ 500 ብር ይወጣበታል ማለት ነው። የቆየው ሞዴል በቅናሽ 8 ሺህ ብር ቢሸጥ፣ ሁለት ዓመት ቢቀረውና 1 ሺህ 500 ብር የባትሪ መቀየሪያ ቢጠይቅ ጠቅላላ ወጪው 9 ሺህ 500 ብር፣ የዓመቱ ደግሞ 4 ሺህ 750 ብር ይኾናል። በዚህ ስሌት ርካሽ የመሰለው ስልክ ውድ ነው።

ያው የቆየ ስልክ በ5 ሺህ ብር ቢገኝ ግን ከባትሪው ጋር 6 ሺህ 500 ብር፣ በዓመት 3 ሺህ 250 ብር ስለሚወጣበት ከአዲሱ ይረክሳል። ሁለቱ እኩል የሚኾኑት የቆየው ስልክ 5 ሺህ 500 ብር ሲሸጥ ነው። ገዥው እንዲህ ያለውን ቁጥር ቀድሞ አስልቶ ወደ ሱቅ ከገባ የሚከራከርበት ዋጋ በእጁ ነው። ሻጩ «ከ12 ሺህ ወደ 8 ሺህ ወርዷል» ቢለውም የወረደው ብር ሳይኾን የቀረው ዕድሜ ይመራዋል።

ሲጠቃለል፣ የማሻሻያ ጊዜው ቢያንስ ሁለት ዓመት የሚቀረው፣ 4 ጊጋባይት ራም ያለው፣ ባትሪውና ስክሪኑ በአቅራቢያ የሚገኝ የቆየ ስልክ በተመጣጣኝ ዋጋ ከተገኘ ቢገዛ ያዋጣል። ማሻሻያው የቆመለት ስልክ በጣም ከረከሰና የቤተሰቡ ገንዘብ የማይንቀሳቀስበት ከኾነ ለልጆች ትምህርት ወይም ለሬዲዮና ለፎቶ ሊያገለግል ይችላል። የእህሉ ገንዘብ የሚገባበትና የሚወጣበት ስልክ ከኾነ ግን ጥቂት ብር ጨምሮ ወይም አንድ ወቅት ታግሦ ዕድሜ ያለውን መግዛት የተሻለ ነው።