የመንገድ ፊደል

ፊደል ያልቈጠረ ሰው መጽሐፍ ቢሰጡት ገጹን ያያል እንጂ ቃሉን አያገኝም። የመንገድ ምልክት ያልተማረ ነጂም በመንገዱ ዳር የተተከለውን ሠሌዳ ያያል እንጂ የተባለውን አይሰማም። ልዩነታቸው ግን ብዙ ነው። መጽሐፍ ማንበብ ያልቻለ ሰው ጉዳቱ በራሱ ላይ ይቀራል፤ መንገድ ማንበብ ያልቻለ ነጂ ግን ከራሱ ጋራ በዳር የሚሄደውን እግረኛ፥ ከትምህርት ቤት የሚመለሰውን ሕፃን፥ ከኋላው የተቀመጠውንም የገዛ ቤተ ሰቡን ወደ አደጋ ይዞ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መግለጫ፥ በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ እንደሚሞቱ፥ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑትን ልጆችና ወጣቶች ከሚገድሉት ምክንያቶችም ሁሉ ቀዳሚው ይኸው መሆኑን አስታውቋል። እንግዲህ በቤት ውስጥ ለመንጃ ፈቃድ የሚዘጋጅ ሰው ሲኖር፥ ጉዳዩ የተማሪው ብቻ ሳይሆን የቤተ ሰቡ ሁሉ ነው።

የጥንቱ የፊደል ትምህርት ለዚህ ነገር መልካም ምሳሌ ይሆነናል። ሕፃኑ በየኔታ ፊት ተቀምጦ ሀ ሁ ሂን በዜማ ሲያወርድ የሰማ ሰው፥ ልጁ ፊደሉን ሁሉ የለየ ይመስለዋል። ነገር ግን ልጁ ያወቀው ፊደሉን ሳይሆን ተራውን ብቻ ሊሆን ይችላል። መምህራን ይህን ስለሚያውቁ ከሀ ሁ ቀጥሎ አቡጊዳን ያስቈጥራሉ፤ ተራው ሲለወጥ፥ በቃሉ የያዘውና በዐይኑ የለየው ተማሪ ይታወቃልና። በዘመናችንም ለመንጃ ፈቃድ ከሚዘጋጁት ብዙዎቹ የጥያቄ ወረቀት ይዘው መልሱን በተራ ያጠናሉ። በዚህ መንገድ ፈተናውን ማለፍ ይቻል ይሆናል፤ መንገድ ግን ጥያቄዋን በተራ አታቀርብም። ዝናብ በሚጥልበት ማታ፥ ከትልቅ የጭነት መኪና ኋላ፥ በድንገት ትጠይቃለች፤ መልሱንም በዐይን ጥቅሻ ትሻለች።

የምትሰጠውን ጊዜ ማስላት አያስቸግርም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንዲት ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። ነጂው «ይህ ምልክት ምን ነበር?» ብሎ ሁለት ሰከንድ ቢያስብ፥ እግሩ ፍሬኑን ሳይነካ 33 ሜትር አልፏል። ስለዚህ የምልክት ትምህርት ዋናው ነገር ስሙን ማወቅ አይደለም፤ ምልክቱ በታየ ጊዜ እጅና እግር ሊሠሩት የሚገባውን ማወቅ ነው።

ቅርጹ፥ ቀለሙ፥ ሥዕሉ

ምልክቶቹ ብዙ ቢሆኑም ወገናቸው ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በቪየና ከተማ በተደረገው የመንገድ ምልክቶች ስምምነት የተወሰነው ሥርዐት በብዙ አገር ይሠራበታል፤ በአገራችን የምናያቸው ምልክቶችም በአብዛኛው ይህንኑ መልክ የያዙ ናቸው። ሦስት ማዕዘን ሆኖ ዳሩ ቀይ የሆነ ምልክት ያስጠነቅቃል፤ ከፊት ጠመዝማዛ፥ ቁልቁለት፥ የእግረኛ ማቋረጫ፥ ወይም መንገድ የሚያቋርጥ ከብት አለ ማለት ነው። ክብ ሆኖ ዳሩ ቀይ የሆነ ይከለክላል። ክብ ሆኖ መደቡ ሰማያዊ የሆነ ያስገድዳል። አራት ማዕዘን የሆነው ደግሞ ሆስፒታልን፥ ማቆሚያን፥ የከተማን ስምና ይህን የመሰለውን ሁሉ ያስታውቃል።

ተማሪው አስቀድሞ ቅርጹን፥ ቀጥሎ ቀለሙን፥ በመጨረሻ ሥዕሉን ያንብብ። ሥዕሉን ብቻ የሚያይ ሰው በቀላሉ ይስታል። ለምሳሌ በቀይ ክብ ውስጥ 40 ተጽፎ ቢገኝ «ከ40 ኪሎ ሜትር አትለፍ» ማለት ነው፤ ይኸው 40 በሰማያዊ ክብ ላይ ቢጻፍ ግን «ከ40 አታንስ» ማለት ይሆናል። ቍጥሩ አንድ ሲሆን ቀለሙ ትእዛዙን ገለበጠው።

ከሁሉ ተለይተው የቆሙ ሁለት ምልክቶች አሉ። አንደኛው ስምንት ማዕዘን ያለው «ቁም» የሚለው ነው፤ ሁለተኛው ጫፉ ወደ ታች የተደፋው ሦስት ማዕዘን፥ ቅድሚያ ስጥ የሚለው ነው። ስምንት ማዕዘኑ በአሜሪካ አገር በ1920ዎቹ ዓመታት ተለመደ፤ በዚያ ጊዜ መደቡ ቢጫ ነበረ፥ እ.ኤ.አ. በ1954 ግን ቀይ ሆነ። ሌሎች ምልክቶች የማይጋሩት ቅርጽ ለእነዚህ ለሁለቱ መሰጠቱ ጥቅሙ ትልቅ ነው፤ ጭቃ ቢሸፍናቸው፥ ጽሕፈታቸው ቢፋቅ፥ ከጀርባቸውም ቢታዩ በቅርጻቸው ይታወቃሉ። «ቁም» የሚለውን አይቶ ፍጥነትን መቀነስ ብቻ አይበቃም፤ መንገዱ ባዶ ቢመስልም መንኰራኵሩ ፈጽሞ መቆም አለበት።

ስለ መብራት

የትራፊክ መብራት አሳቡ የተወሰደው ከባቡር ሐዲድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 በለንደን በፓርላማው አጠገብ በጋዝ የሚበራ ቀይና አረንጓዴ ፋኖስ ተተከለ፤ ነገር ግን በማግሥቱ ዓመት ጋዙ ፈንድቶ በእጁ ያሠራው የነበረውን ፖሊስ ስላቈሰለ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1914 በአሜሪካ በክሊቭላንድ ከተማ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መብራት ቆመ፤ በ1920 ደግሞ በዲትሮይት ከተማ ሦስቱን ቀለሞች የያዘ፥ በአራቱም አቅጣጫ የሚታይ መብራት ተሠራ።

ቢጫው በቀይና በአረንጓዴ መካከል የገባው ለመቆም ጊዜ እንዲሰጥ ነው። ብዙዎች «ቶሎ እለፍ» የሚል አድርገው ይተረጕሙታል፤ ትርጕሙ ግን «ቁም» ነው። የሚፈቀድለት ያለ አደጋ ለመቆም የማይችለው፥ ወደ መስመሩ እጅግ የቀረበው ነጂ ብቻ ነው። ቀይና አረንጓዴን ለይቶ ማየት የሚቸግራቸው ሰዎች ስላሉም፥ ቀዩ ከላይ፥ ቢጫው በመካከል፥ አረንጓዴው ከታች መሆኑን ከቀለሙ ጋራ አብሮ መያዝ ይገባል።

ትእዛዞች በተጋጩ ጊዜስ የትኛው ይከበራል? ሥርዐቱ ግልጽ ነው። የትራፊክ ፖሊስ በእጁ የሚሰጠው ትእዛዝ ከመብራቱ ይበልጣል፤ መብራቱ ቅድሚያን ከሚናገረው ሠሌዳ ይበልጣል፤ ሠሌዳውም ከጠቅላላው የቅድሚያ ደንብ ይበልጣል። በጥምቀት ታቦታቱ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ሲወርዱ፥ በደመራም ዕለት ሕዝቡ ወደ መስቀል አደባባይ ሲጐርፍ፥ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ፖሊሱ እጁን ዘርግቶ ቢያቆመን፥ መታዘዝ ያለብን ለእጁ ነው።

ምልክት ቃል ኪዳን ነው

አንባቢ ሆይ፥ ምልክት ኀይል የሚያገኘው ሁሉ ሲጠብቀው ብቻ መሆኑን አስተውል። በአገራችን እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ነበረ፤ ከዚያው ዓመት ከሰኔ 1 ቀን ጀምሮ ግን ወደ ቀኝ ተዛወረ። ግራው ክፉ፥ ቀኙም በጎ ስለ ሆነ አይደለም፤ ሁሉም በአንድ ወገን መሄዱ እንጂ። አንድ ሰው ብቻ በትናንቱ ልማድ ቢነዳ ኖሮ የብዙዎች መታዘዝ ሊያድነው ባልቻለ ነበር። በአረንጓዴ የሚያልፍ ነጂም ከጐን የሚመጣውን ሰው ስሙን ሳያውቅ፥ በቀዩ ይቆማል ብሎ አምኖት ያልፋል። ያ እምነት ቢፈርስ መብራቱ ባለ ቀለም ጠርሙስ ብቻ ነው።

ስለዚህ ትምህርቱን ሸሽቶ ወረቀቱን በጉቦ የሚፈልግ ሰው የሚያደርገውን ይወቅ። መንጃ ፈቃድ «ይህ ሰው መንገድ ማንበብ ያውቃል» የሚል ምስክርነት ነው። ሳይማር የያዘው ሰው ለሚያገኘው እግረኛ ሁሉ የሐሰት ምስክር ይዞ ይወጣል፤ ዋጋውንም የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ያላጠፋው ነው።

በቤት ውስጥ ማጥናት

ለጥናቱ ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ከአሮጌ ካርቶን ትንንሽ ቅጠሎች ቈርጦ በፊቱ ምልክቱን መሣል፥ በጀርባው ትርጕሙን መጻፍ ይበቃል። ከእራት በኋላ እናት ወይም ልጅ ካርቶኖቹን ደባልቆ፥ ያለ ተራ እያወጣ ተማሪውን ሦስት ነገር ይጠይቀው፤ ምን ይላል? እኔ ምን አደርጋለሁ? ሳላደርገው ብቀር ማን ይጐዳል? ሦስተኛው ጥያቄ በፈተናው ወረቀት ላይ አይገኝም፤ ሁለቱን በልብ የሚያጸናቸው ግን እርሱ ነው። እንዲሁም እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በመንገድ ያገኙትን ምልክት ልጆች እየቀደሙ ያንብቡ። ሕፃኑ በዜብራ መሻገርን፥ ቀዩን ሰው አይቶ መቆምን በዚሁ ይማራል፤ አባቱም በልጁ ፊት ምልክት ለመጣስ ያፍራል።

ፈተናው በአንድ ቀን ያልፋል። የመንገድ ንባብ ግን መሪ በተጨበጠ ቍጥር ይደገማል፤ በሚገባ የተማረው ሰውም የራሱንና የማያውቀውን የባልንጀራውን ቤት ከኀዘን ይጠብቃል።