የውሻ ማሳከክ ለምን ይመላለሳል? መቆጣጠሪያውስ ምንድን ነው?

ውሻ ቤትና መንጋ ጠባቂ ነው። ሌሊቱን ሲያክ የሚያድር ውሻ ግን ይከሳል፣ ቆዳው ይቆስላል፣ ጥበቃውንም ይተዋል። ብዙ ባለቤቶች «መድኃኒት ቀባነው፤ ሻል ብሎት ነበር፤ ከወር በኋላ ተመለሰበት» ይሉናል። አብዛኛውን ጊዜ የሚመላለሰው መንስኤው ሳይለይ ወይም ማደሪያው ሳይጸዳ በመቅረቱ ነው።

1. መንስኤውን መለየት

ሀ/ ቁንጫ፦ የቁንጫ ምራቅ ሰውነታቸውን የሚያስቆጣቸው ውሾች በጥቂት ንክሻ ብቻ ለብዙ ቀን ያካሉ። ቁስሉ በወገብ፣ በጭራ ሥርና በጭን ላይ ይበዛል። በጠጉሩ ሥር የሚገኘውን ጥቁር ብናኝ በእርጥብ ነጭ ወረቀት ላይ ማድረግ ነው፤ ወረቀቱን ወደ ቀይ ካቀለመው የቁንጫ ኩስ ነው።

ለ/ እከክ፦ በዓይን የማትታይ ተባይ ቆዳውን እየቦረቦረች የምታመጣው በሽታ ነው። በጆሮ ጠርዝ፣ በክርንና በሆድ ይጀምራል። የጆሮውን ጠርዝ ስናሸው ውሻው በኋላ እግሩ የማከክ እንቅስቃሴ ካሳየ እከክን መጠርጠር ይገባል። ወደ ሌሎች ውሾች ፈጥኖ ይተላለፋል፤ ሰውንም ያሳክካል።

ሐ/ አለርጂ፦ በአቧራ፣ በዕፅዋት ብናኝ ወይም በምግብ ይነሣል። የአቧራና የብናኙ አለርጂ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል፤ ፊትን፣ ጆሮንና መዳፍን ያጠቃል። ፈጽሞ ባይድንም በክትትል ይቻላል። ይሁን እንጂ ተባይ አለመኖሩ ሳይረጋገጥ «አለርጂ ነው» ማለት ስሕተት ነው።

2. ማደሪያውን ማጽዳት

አንዲት ሴት ቁንጫ በቀን እስከ 40 እንቁላል ልትጥል ትችላለች። እንቁላሉ ከጠጉሩ ላይ ወደ መሬት ይረግፋል፤ ከእንቁላል የሚወጣው ትልም በአቧራ ውስጥ ያድጋል፤ በሽፋኑ ውስጥ ሆኖም ለወራት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ውሻውን ብቻ ማከም ግማሽ ሥራ ነው። ማደሪያውን ዘወትር መጥረግ፣ ጥራጊውን ማቃጠል፣ ጨርቁን በፈላ ውኃ አጥቦ በፀሐይ ማስጣት ያስፈልጋል።

3. ሕክምና

የመድኃኒቱን ዓይነትና መጠን የእንስሳት ጤና ባለሙያ የውሻውን ክብደት አይቶ ይወስን። ለከብት የሚወጋው አይቨርመክቲን በግምት ቢሰጥ ውሻን ሊገድል ይችላል፤ በተለይ የኮሊ ዝርያዎች አይችሉትም። ማሳከክን የሚያስታግሱ የስቴሮይድ መድኃኒቶች ፈጥነው ያሳርፋሉ፤ እከክን ግን አይፈውሱም፣ ሊያባብሱትም ይችላሉ። የምግብ አለርጂ ሲጠረጠር ውሻው ከዚህ በፊት ያልበላውን አንድ ዓይነት ምግብ ብቻ ለ8 ሳምንት ይመገብ።

4. መደረግ የሌለበት

የተቃጠለ የሞተር ዘይት፣ ናፍጣ ወይም የሰብል ፀረ ተባይ በውሻ ላይ አይቀባ። ውሻ የተቀባውን ይልሳል፤ ይመረዛል። አብረውት የሚጫወቱ ሕፃናትም ከመርዙ አያመልጡም። ለውሻ የተዘጋጀ ፐርሜትሪን ያለበት መድኃኒት ለድመት አይሰጥ፤ ይገድላታል።

5. የኅብረት ሥራ ማኅበራት ድርሻ

እከክ በአንድ ቤት ታክሞ በጎረቤት ቢቀር ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም። ስለሆነም የአካባቢው ውሾች ሁሉ በአንድ ቀን እንዲታከሙ ከወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ጋር ቀጠሮ መያዝ ይጠቅማል። ቀኑ ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም ያመቻል። የሚያሳክከው ሰው ካለ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ጠባዩ በድንገት የተለወጠ፣ ለሀጩን የሚያዝረበርብ ወይም መዋጥ የተሳነው ውሻ ሲያጋጥም ቆዳውን እንመርምር ብሎ መቅረብ አደገኛ ነው። ማንም እንዳይነካው አድርጎ ለባለሙያ ወዲያውኑ ማስታወቅ ይገባል።