የስኳር ሕመም መድኃኒት «የለም» በተባለ ጊዜ ቤተ ሰብ ሊያደርገው ስለሚገባ

ብዙው ሕመም መጥቶ የሚሄድ እንግዳ ነው፤ የስኳር ሕመም ግን ከገባበት ቤት የማይወጣ ነዋሪ ነው። ስለዚህ ታማሚውን ብቻ ሳይሆን ቤተ ሰቡን ሁሉ ሥርዓት ማስያዝ ይፈልጋል። ዛሬ በዚህ ገጽ ልንነጋገርበት የወደድነው መድኃኒቱ ስለሚገኝበት መንገድ ነው፤ ይኸውም በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪ፣ በጌዶ፣ በባኮና በቀሩትም የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ያሉ አባቶችና እናቶች ዘወትር የሚጨነቁበት ነገር ስለ ሆነ ነው።

በአገራችን ሰው ሲናደድ «ቆሽቴ አረረ» ይላል። የቆሽት ዋና ሥራ ግን ምግብ የሚፈጨውን ፈሳሽና ኢንሱሊን የተባለውን ቅመም ማመንጨት ነው። ኢንሱሊን ከምግብ የተገኘው ስኳር ከደም ወደ ሥጋ እንዲገባ በር የሚከፍት ቁልፍ ነው። በአንዳንድ ሰዎች፣ ይልቁንም በሕፃናትና በወጣቶች፣ ቆሽት ይህን ቅመም ማመንጨቱን ፈጽሞ ያቆማል። ለእነርሱ ኢንሱሊን ቢገኝ የሚወሰድ፣ ቢጠፋ የሚታለፍ መድኃኒት አይደለም፤ እንደ እህልና እንደ ውሃ የዕለት ስንቅ ነው እንጂ።

ይህ መድኃኒት ከመገኘቱ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ የታመመ እንደ ሆነ ወላጆቹ ሞቱን ከመጠበቅ በቀር ምንም ማድረግ አይችሉም ነበር። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1921 በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ ፍሬደሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ቅመሙን ከእንስሳ ቆሽት አወጡት። በጥር ወር 1914 ዓ.ም. (በአውሮፓ 1922) ሊዮናርድ ቶምሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ በመጀመሪያ ተወጋው፤ የመጀመሪያው መርፌ ጥሩ ውጤት ባያመጣም ጄምስ ኮሊፕ አጥርቶ ያዘጋጀው ሁለተኛው አዳነው። ልጁም ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ። ሊቃውንቱም የፈጠራ መብታቸውን እያንዳንዳቸው በአንድ ዶላር ብቻ ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ለቀቁት፤ አሳባቸውም መድኃኒቱ ለማንም የነጋዴ ብቸኛ ንብረት እንዳይሆን ነበር። የዓለም የጤና ድርጅትም በ1977 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የመጀመሪያውን የመሠረታዊ መድኃኒቶች መዝገብ ሲያወጣ ኢንሱሊንን ጽፎታል።

እንግዲህ መድኃኒቱ ከተገኘ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። የቀረው ችግር ብልቃጡን ከታማሚው እጅ ማድረስ ነው። ከነዚሁ ከተሞች በአንዲቱ፣ ስሟን ልንጠራት በማንወደው፣ የዘመዳችን ሴት ልጅ በዚህ ሕመም ተይዛ እናቷ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። መድኃኒት ሰጪው «እናቴ፣ የለም፤ ሌላ ቀን ይምጡ» ይላታል፤ እርሷም «እሺ ልጄ» ብላ ትመለሳለች። መቼ እንደሚመጣ ወይም በሌላ ስፍራ ይገኝ እንደ ሆነ የነገራት አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ልጅቱ ማስመለስ ጀመረች፤ በሌሊት በመኪና ተወስዳ ከሆስፒታል ደርሳ በእግዚአብሔር ቸርነትና በሐኪሞች ትጋት ተረፈች። እናቲቱ ግን የጠየቀችበት አንድ ወረቀት እንኳ በእጇ አልነበረም።

«የለም» የሚለው ቃል እንዴት እንደሚወለድ ማወቅ ይጠቅማል። የመንግሥት ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ምን ያህል መድኃኒት እንዳወጡና ምን ያህል እንደቀራቸው በየሁለት ወሩ ጽፈው የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎትን ይጠይቃሉ። ኢንሱሊን የታጣባቸው ቀኖች ተለይተው ያልታሰቡ እንደ ሆነ ግን መዝገቡ ፈላጊ የሌለ ያስመስላል፤ ለሚመጣውም ጊዜ የሚታዘዘው ያንሳል። ዝም ብሎ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ የሚገዛ ታማሚ በመዝገብ ስለማይቈጠር፣ ዝምታው በጐረቤቱ ላይ ዕጦትን ይጨምራል። ስለዚህ ታማሚ ሁሉ ስሙ በሚቀርበው ጤና ጣቢያ እንዲጻፍ መጠየቅ አለበት።

ቤተ ሰብ አስቀድሞ ሊማር የሚገባው ቈጠራ ነው። የተለመደው ብልቃጥ 10 ሚሊ ሊትር ሲሆን በውስጡ 1000 ዩኒት አለ። በቀን 40 ዩኒት የሚወጋ ሰው በ25 ቀን ይጨርሰዋል፤ በቀን 20 ዩኒት የሚወጋ ለ50 ቀን ይበቃኛል ቢል ግን ተሳስቷል፤ የተከፈተ ብልቃጥ ብዙውን ጊዜ ከ28 ቀን በኋላ አይታመንምና። ብልቃጡ የተከፈተበት ቀን በላዩ ይጻፍ፤ የሁለት ሳምንት ስንቅ በቀረ ጊዜም ፍለጋው ይጀመር።

ሁለተኛው አቤቱታን በጽሑፍ ማድረግ ነው። እኛ በጽሕፈት ሥራ የኖርን ሰዎች እንደምናውቀው፣ በአፍ የተነገረ ቃል ከደጅ ሲወጣ ይረሳል፤ ቀንና ቍጥር ያለበት ወረቀት ግን መልስ እስኪያገኝ ይጠይቃል። አቤቱታው አጭር ይሁን፤ የታማሚው ስምና የካርድ ቍጥር፣ የኢንሱሊኑ ዓይነትና በቀን የሚወሰደው መጠን፣ በቤት የቀረው ለስንት ቀን እንደሚበቃ፣ በየትኞቹ ቀኖች ተጠይቆ እንደታጣ ይጻፍበት። መጀመሪያ ለመድኃኒት ክፍሉ ኀላፊ፣ ቀጥሎ ለጤና ጣቢያው ኀላፊ፣ ከዚያም ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት፣ በመጨረሻም አምቦ ላለው ለዞኑ ጤና መሥሪያ ቤት ይቅረብ። ግልባጩ በቤት ይቀመጥ፤ አቀራረቡም በትሕትና ይሁን፤ የመድኃኒቱ መታጣት የሰጪው ጥፋት ያልሆነበት ጊዜ ብዙ ነውና።

አቤቱታው መልስ እስኪያገኝ ግን ታማሚው መጠበቅ አይችልም። ስለዚህ በዚያው ቀን ከጤና ጣቢያው ሦስት ነገር ይጠየቅ፤ ማኅተም ያለበት የመድኃኒት ማዘዣ፣ ወደ ሆስፒታል የሚያስተላልፍ ወረቀት፣ መድኃኒቱ በዚያ አለመኖሩን የሚገልጽ ጽሑፍ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በአውሮፓ 2011 በጥቂት ወረዳዎች ተሞክሮ ከዚያ ወዲህ ተስፋፍቷል፤ አባል የሆነ ሰው ያለ ማስተላለፊያው ወረቀት ሆስፒታል ቢሄድ ከኪሱ እንዲከፍል ሊጠየቅ ይችላል። ከውጭ የገዛበትንም ደረሰኝ ይዞ ገንዘቡ የሚመለስለት እንደ ሆነ የወረዳውን መድኅን ይጠይቅ። አዲስ አበባ ከአምቦ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ በዚያ የከነማና የቀይ መስቀል መድኃኒት ቤቶች አሉ፤ በአውሮፓ 1984 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ስኳር ሕመም ማኅበርም አለ።

ከውጭ ሲገዛ ስለ መርፌው ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ባለ 100 የሚባለው ኢንሱሊን በባለ 100 መርፌ ብቻ ይቀዳል። በባለ 40 መርፌ ተቀድቶ እስከ 20 መስመር ቢሞላ፣ ወደ ሥጋ የሚገባው 50 ዩኒት ነው፤ ይህም ሁለት ዕጥፍ ተኩል ስለሆነ ሊገድል ይችላል። በብልቃጡና በመርፌው ላይ ያለው ቍጥር አንድ መሆኑን ሳያዩ መውጋት አይገባም። ያንዱን መርፌ ለሌላው ማዋስም ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

ስለ አቀማመጡም፣ ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ማቀዝቀዣ ይኑር፤ በረዶ የነካው ግን ይጣል። በመንገድም በመኪናው ሞተር አጠገብ ወይም ፀሐይ በሚመታው መስተዋት ሥር አይቀመጥ። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት ተስፋ አይቍረጥ። በትልቅ ማሰሮ ውስጥ ትንሽ ማሰሮ አግብቶ በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ ቢሞላ፣ እንደ ባኮ ባለው ሞቃት ስፍራም ሙቀቱን ያበርዳል። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ በአውሮፓ 2021 ባወጡት ጥናት፣ የመረመሩት ኢንሱሊን ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚለዋወጥ ሙቀት አራት ሳምንት ኀይሉን ሳያጣ ቈይቷል።

የኢንሱሊን ማለቅ የማይጠብቅ አደጋ ነው። ታማሚው ጥማት ቢበረታበት፣ ቢያስመልሰው፣ ሆዱን ቢያመው፣ በረጅሙና በጥልቅ ቢተነፍስ፣ ትንፋሹም እንደ በሰለ ፍሬ ቢሸት፣ የቀጠሮ ቀን ሳይጠበቅ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ። ምግብ አልበላም ተብሎም ኢንሱሊን ጨርሶ አይቋረጥ፤ መጠኑ በሐኪም ይወሰናል። የአምቦ ውሃ ጥሩ መጠጥ ነው እንጂ የኢንሱሊን ምትክ አይደለም። ወደ ጠበል የሚሄድም መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ፤ መርፌውን መውጋት እምነትን ማጉደል አይደለምና።

ለሹማምንትም አንድ ቃል አለን። በጎንደርና በጅማ ሐኪሞች የስኳር ሕመም ክትትልን ከሆስፒታሉ አውጥተው፣ ነርሶችን አስተምረው በገጠር ጤና ጣቢያዎች አቋቁመዋል፤ ሩቅ ሲጓዝ የነበረው ገበሬም በቅርቡ መታከም ችሏል። በአገራችን የተሠራ ነገር በምዕራብ ሸዋ የማይሠራበት ምክንያት የለም። አምቦ በቀድሞው ዘመን «ሀገረ ሕይወት» ትባል ነበር። በየወረዳው ስንት የኢንሱሊን ታማሚ እንዳለ በመዝገብ ተቈጥሮ ቢታወቅ፣ መድኃኒቱ ሳያልቅ ቢታዘዝ፣ በታጣም ጊዜ «ሌላ ቀን ይምጡ» በማለት ፈንታ የሚገኝበት ስፍራ በጽሑፍ ቢነገር፣ ስንቱ ልጅ በሕይወት ይኖራል። ይህን ለማድረግ አዲስ ሕግ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው መዝገቡን በትጋት የሚጽፍና የተጻፈውን የሚያነብ ሰው ነው።