«ዘፈኑ እንዲህ አይልም!»

ሠርጉ ወልዲያ ነበር። ሙሽራዋ የአጎቴ ልጅ ናት። የሠርጉ ቀን አስቀድሞ ተቆርጦ የነበረ ቢሆንም፣ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልዲያ ሲደርስ ሁሉም ነገር ተሰረዘ። በመካከሉ የሙሽራዋ አባት ታመው አረፉ። ስለዚህ ቀኑ በመጨረሻ ሲመጣ ደስታውም እንባውም አንድ ላይ ነበር። እኛ የሀብሩ ዘመዶች በሁለት ሚኒባስ ተጭነን ከመርሳ ተነስተን፣ ሲሪንቃን አልፈን ወልዲያ ገባን።

ድንኳኑ ውስጥ አንድ ኪቦርድ ተጫዋችና አንድ ባለማሲንቆ ነበሩ። ኪቦርዱ የከተማውን ሲጨርስ ማሲንቆው የአገሩን እንዲቀጥል ነው ስምምነቱ። ምሽቱ ሲገፋ ከወጣቶቹ አንዱ ተነስቶ አዝማሪው ግንባር ላይ መቶ ብር ለጠፈና «አምባሰልን! ልክ እንደ ማሪቱ አድርገህ!» አለው። አዝማሪውም እንደታዘዘው ጀመረ።

መሐል ላይ ትልቁ አጎቴ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «ተቀበል!» አሉና ሁለት ስንኝ ሰጡት። ስንኙ ልጃቸውን ሳይድሩ ስላለፉት ታናሽ ወንድማቸው ነበር። አዝማሪው ማሲንቆውን ዝግ አድርጎ ሊቀበላቸው ሲል ከወጣቶቹ ጠረጴዛ «ኧረ ዘፈኑ እንዲህ አይልም! ኦሪጂናሉን ይጨርስልን!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሳቅ ሆነ። አጎቴ ዝም ብለው ተቀመጡ። አዝማሪውም ወደ ካሴቱ ግጥም ተመለሰ።

ያ ድምፅ የእኔ ነበር።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ነገሩ አልለቀቀኝም። ለመሆኑ «ኦሪጂናሉ» ያልኩት የቱን ነው?

ባለቤት ያለው ዘፈን

አንድ የታወቀ ዘፈን በሌላ ሰው ሲዘፈን የመጀመሪያው ይሻላል ወይስ ሁለተኛው የሚለው ክርክር ለኛ አዲስ አይደለም። ድሮ «ሪሚክስ» እንል የነበረውን ወጣቶቹ ዛሬ «ከቨር» ይሉታል። እንደ «ባላገሩ አይዶል» እና «ፋና ላምሮት» ባሉ የቴሌቪዥን ውድድሮች ተወዳዳሪዎቹ የታዋቂ ድምፃውያንን ሥራ እየተጫወቱ ይፈተናሉ። ሳሎናችን ውስጥ የሚሰማው አስተያየትም ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ «ዘፈኑን አበላሸው» ይላል፣ ሌላው «ከባለቤቱ በለጠ» ይላል።

በዓለም ላይ የታወቁትን ሁለት ምሳሌዎች እናንሳ። አብዛኞቻችን ዊትኒ ሂውስተን በ1992 እ.ኤ.አ. «ዘ ቦዲጋርድ» ለተባለው ፊልም የዘፈነችውን «አይ ዊል ኦልዌይስ ላቭ ዩ» የራሷ ይመስለናል። ዘፈኑን የጻፈችውና በ1974 እ.ኤ.አ. በሸክላ ያወጣችው ግን ዶሊ ፓርተን ነች። ቦብ ዲላን በ1967 እ.ኤ.አ. የዘፈነውን «ኦል አሎንግ ዘ ዋችታወር» ጂሚ ሄንድሪክስ በዓመቱ በጊታር እንደ አዲስ ሠራው፤ ዲላን ራሱም ቆየት ብሎ ዘፈኑን በሄንድሪክስ መንገድ ወደ መጫወት አዘነበለ። በሁለቱም ዘፈኖች የትኛው እንደሚሻል ሰው ሊከራከር ይችላል። የመጀመሪያው የቱ እንደሆነ ግን አያከራክርም፤ ደራሲው ይታወቃል፣ ዓመቱም ይታወቃል።

በእኛም ዘንድ እንደዚሁ ነው። ጥላሁን ገሠሠ በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. ካረፈ ወዲህ ዘፈኖቹን ያልሞከረ ድምፃዊ የለም ማለት ይቻላል። እነዚያ ዘፈኖች ግን ገጣሚ አላቸው፣ የዜማ ደራሲ አላቸው፣ ያጀበ ባንድ አላቸው። እነሱን በተመለከተ «ኦሪጂናሉ» ብሎ መናገር ትርጉም ይሰጣል።

አምባሰልስ?

አምባሰል ምንድን ነው?

አምባሰል በመጀመሪያ የቦታ ስም ነው። ከመርሳ ወደ ደሴ ሲወረድ፣ ከሀብሩ በስተደቡብ የሚገኘው ተራራማ አገር ነው። ቀጥሎ ደግሞ የቅኝት ስም ነው። አራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ሲሆኑ፣ ሁለቱ ስማቸውን የወሰዱት ከወሎ ቦታዎች ነው።

ቅኝት ማለት ዘፈኑ የሚራመድባቸው አምስት ድምፆች ናቸው። ቤቱ ኪቦርድ ያለው አንባቢ ራሱ ሊሞክረው ይችላል። ከዶ ተነስቶ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ቢጫወት ትዝታ ይሰማዋል። ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ቢል ባቲ ነው። አምባሰል ደግሞ ዶ፣ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶል እና ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ላ ነው። ከዶ በኋላ ወዲያው የምትመጣው ያቺ ዝቅ ያለች ሬ ነች አምባሰልን ሆድ የሚያባባ የምታደርገው። በእርግጥ ኪቦርዱ የሚሰጠን ግምቱን ነው። ማሲንቆ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር ብቻ ያለውና ጣት የሚያርፍበት የተወሰነ ቦታ ያልተበጀለት መሣሪያ በመሆኑ፣ አዝማሪው በሁለት የኪቦርድ ቁልፎች መካከል ያለውን ድምፅም ያገኘዋል።

እንግዲህ አንድ የአገር ዘፈን ሦስት ነገር አለው ማለት ነው። ቅኝቱ አንድ ነው፤ አይለወጥም። ዜማው መነሻ መንገድ አለው፤ ሆኖም እያንዳንዱ ሰው እንደ ጉሮሮው ያስረዝመዋል፣ ያሳጥረዋል፣ ይሰብረዋል። ሦስተኛው ግጥሙ ነው። ግጥሙ ጨርሶ አይቆምም፤ የሚመጣው ከአዝማሪው ጭንቅላትና ከተቀመጠው ሰው አፍ ነው። «ተቀበል!» የሚባለውም ለዚህ ነው። ሰሚው ስንኙን ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማው ውስጥ ያስገባዋል። የቤቱ ባለቤት ይወደሳል፣ ቆንጥጦ የያዘ ይሰደባል፣ የሞተ ይነሳል። በሰሚና በዘፋኝ መካከል ያለው ድንበር እዚያ ላይ ይጠፋል።

ታዲያ በእንዲህ ዓይነቱ ዘፈን ውስጥ የመጀመሪያው የቱ ነው? የለም። አምባሰልን «ከቨር» ያደረገ ሰው የለም፤ ምክንያቱም ከቨር ያልሆነ አምባሰል ኖሮ አያውቅም።

ካሴቱ እንዴት ኦሪጂናል ሆነ?

የኢትዮጵያ ሙዚቃ በሸክላ መቀረፅ የጀመረው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ጀርመን ሄደው ድምፃቸውን ባስቀረፁ ጊዜ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ አምሃ ሪከርድስ ዘመናዊ ዘፈኖችን በትናንሽ ሸክላዎች ማሳተም ጀመረ። የእነዚህ ሸክላዎች አንዱ ገጽ የሚይዘው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሊሄድ የሚችል ትዝታ ጥቂት ደቂቃ ውስጥ መግባት ነበረበት ማለት ነው። ቀጥሎ ካሴት መጣ። ካሴት ርካሽ ነው፣ ይባዛል፣ አውቶብስ ላይም ሻይ ቤትም ይገባል።

በደርግ ዘመን የወሎ ላሊበላ ኪነት የወሎን ዜማ ወደ መድረክ አመጣው። ከዚያ የወጣችው ድምፃዊት ማሪቱ ለገሠ አምባሰልን በመላው አገሪቱ አሳወቀች፤ «የአምባሰል ንግሥት» የተባለችውም ያለ ምክንያት አይደለም። እኔም አምባሰልን መጀመሪያ የሰማሁት ከአዝማሪ አፍ ሳይሆን መርሳ ከአንድ ሻይ ቤት ቴፕ ነው። ከአምባሰል ተራራ ሥር ተወልጄ አምባሰልን ያወቅሁት በካሴት ነው!

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል። ማሪቱ ራሷ ማንንም አልቀዳችም። ያደረገችው አባቶቿና እናቶቿ ያደርጉት የነበረውን ነው፤ ቅኝቱን ይዛ የራሷን ጉሮሮ ጨመረችበት። ስህተቱ የእሷ ሳይሆን የእኛ የሰሚዎቹ ነው። ከብዙ ሌሊቶች የአንዱን ሌሊት ቀርፀን ያዝንና «ዘፈኑ ይህ ነው» አልን።

ይህን የተጠራጠረ አንባቢ ቡዳ ሙዚክ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በ2002 እ.ኤ.አ. ያወጣውን የ«ኢትዮፒክስ» አሥረኛ አልበም ያዳምጥ። አልበሙ በሙሉ ለትዝታ የተሰጠ ነው። የሰይፉ ዮሐንስ ትዝታ አለ፣ የማህሙድ አህመድ ትዝታ አለ፣ የምኒልክ ወስናቸው አለ። ሁሉም ትዝታ ነው፣ አንዱም ሌላውን አይመስልም። «ኦሪጂናሉ የቱ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልስ አያገኝም።

ክፍያውስ የማን ነው?

ጉዳዩ የስሜት ብቻ አይደለም፤ የእንጀራም ጭምር ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ ኋላም በአዋጅ ቁጥር 872/2007 የተሻሻለው፣ ለደራሲው በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት የኢኮኖሚ መብት ይሰጠዋል። የሰው ዘፈን ደግሞ የሚያሳትም ሰው ማስፈቀድ አለበት። ዊትኒ ሂውስተን በሰበረችው ገበያ ዶሊ ፓርተንም በደራሲነቷ ብዙ ገንዘብ አግኝታለች። በዚህ ዓይነት ከቨር የመጀመሪያዋን ባለቤት አይጎዳም፤ እንዲያውም ይጠቅማታል።

አምባሰል ግን የታወቀ ደራሲ የለውም። ማንም ሊቀርፀው ይችላል። የቀረፀው ሰው በቅጂው ላይ መብት ይኖረዋል። ያልተቀረፀው የወልዲያው አዝማሪ ያለው ግንባሩ ላይ የተለጠፈው ብርና በዚያች ሰዓት የሚፈጥረው ስንኝ ነው። እኛ «ልክ እንደ ካሴቱ» ብለን ስናዘው ያቺን አንዲት ሀብቱን ነው የምንቀማው። ካሴቱን መስማት የፈለገ ሰው ስልኩ ውስጥ በነፃ ያገኘዋል፤ ታዲያ አዝማሪውን ለምን ይጠራዋል? ከጥቂት ዓመት በኋላ ኪቦርዱ ብቻ ይበቃል እንላለን። ከዚያም ኪቦርዱ ራሱ ይቀርና ፍላሽ ይሰካል። በአንዳንድ ሠርግ ላይ እዚያ ደርሰናል።

«ካሴቱ ባይኖር ኖሮ ዘፈኑ ይጠፋ ነበር» የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ከወሎ ርቆ ዋሽንግተን ወይም ጅዳ የሚኖር ሰው ከአገሩ የቀረው ያ ቅጂ ሊሆን ይችላል፤ እኔም የማሪቱን አምባሰል መስማት አላቆምኩም፣ አላቆምምም። ሆኖም ቅጂ ዘፈኑን ከመጥፋት ያድነዋል እንጂ አያኖረውም። የሚያኖረው አዲስ ስንኝ ነው።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ ምንድን ነው ብባል ለሁለት እከፍለዋለሁ። ደራሲው በስም የሚታወቅ ዘፈን ከሆነ መጀመሪያውን ፈልጌ እሰማለሁ። ሁለተኛው ሰው የደራሲውን ስም እንዲጠራ፣ እንዲያስፈቅድና የራሱን ነገር እንዲጨምር እጠብቃለሁ፤ ካልጨመረ ግን የፊተኛው ይበቃኛል። ዘፈኑ አምባሰል፣ ባቲ ወይም ትዝታ ከሆነ ደግሞ የምመርጠው ዛሬ ማታ ፊቴ የሚዘፈነውን ነው፤ ድምፁ ከማሪቱ ቢያንስም እንኳ። በውስጡ የተቀመጡት ሰዎች ስም አለበትና።

ባለፈው ገና መርሳ ወርጄ አጎቴን ጠየቅኋቸው። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ እንደምንም ደፍሬ «ጋሼ፣ ያን ቀን ሠርጉ ላይ የሰጡትን ስንኝ ይድገሙልኝ፤ ልጽፈው ነው» አልኳቸው። የመጀመሪያውን መስመር እኔ አስታውሰዋለሁ። ሁለተኛው ጠፍቶኛል። በስልክም የቀረፀው ሰው የለም፤ ሁሉም የቀረፀው ሙሽሮቹን ነው።

አጎቴ ስኒያቸውን አስቀመጡና ትንሽ አሰቡ። «እሱማ የዚያን ቀን ነበረ። ከዚያ ቀን ጋር ሄደ» አሉኝ።

ፊቴን አይተው መሰለኝ ወዲያው ሳቅ አሉ። «የታናሽ እህትህ ሠርግ ሲደርስ ሌላ እሰጣለሁ። አንተ ብቻ አፍህን ያዝልኝ።»