አዲሱ ሞኒተር ዓይናችሁን አስቸገራችሁ? ከመመለሳችሁ በፊት ይህንን አንብቡ



«ዶክተር፣ አዲስ ሞኒተር ከገዛሁ ወዲህ ዓይኔን ይቆጠቁጠኛል፣ ግንባሬን ያመኛል፣ ቀና ብዬ ራቅ ያለ ነገር ሳይ ይደበዝዝብኛል። ዓይኔን እያበላሸው ይሆን?» ይህ ጥያቄ የከተማ ሰው ብቻ አይደለም። ዛሬ ድሬዳዋ ከተማ ባንክ ውስጥ የሚሠራውም፣ ዋሂል ሆኖ ሪፖርት የሚያስገባውም ሠራተኛ ቀኑን ስክሪን ላይ አፍጥጦ ሊውል ይችላል።

አጭሩ መልስ፦ ስክሪን ዓይንን ያደክማል እንጂ አያሳውርም። ጉዳቱ የሚመጣው ምክንያቱን ሳናውቅ ከፋርማሲ ጠብታ ገዝተን ስንጨምር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሕመሙ መቼ እንደሚጀምራችሁ አስተውሉ።

1. ገና ሲከፈት ዓይን የሚወጋ ከሆነ

ብርሃኑን ጠርጥሩ። ብዙ አዲስ ሞኒተር ብራይትነሱ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ ነው የሚመጣው። ባዶ ነጭ ገጽ ክፈቱና አጠገቡ ነጭ ወረቀት ያዙ። ስክሪኑ እንደ አምፖል ካበራ ቀንሱ፤ ከወረቀቱ የጠቆረ ከመሰላችሁ ጨምሩ። መስኮት ከፊታችሁም ከኋላችሁም ሳይሆን በጎናችሁ ይሁን። የድሬ ፀሐይ በቀጥታ ስክሪኑ ላይ ካረፈ ብራይትነስ መነካካት ዋጋ የለውም፤ መጋረጃ ነው መፍትሔው።

ብራይትነሱን ስትቀንሱ ጭራሽ ከባሰባችሁስ? አንዳንድ ሞኒተር ብርሃኑን የሚቀንሰው መብራቱን በጣም በፍጥነት እያበራና እያጠፋ ነው። ዓይናችን ብልጭታውን ባይለየውም አንዳንድ ሰው ላይ ራስ ምታት ያስነሳል። ስክሪኑን በስልካችሁ ካሜራ በስሎው ሞሽን ቅረጹት። ጥቁር መስመሮች ሲንሸራተቱ ካያችሁ ፍንጭ ነው፤ ማረጋገጫ ግን አይደለም። ብራይትነሱን ከፍ አድርጋችሁ፣ የክፍሉንም መብራት ጨምራችሁ ሁለት ቀን ሞክሩ። በዚህ ከተሻላችሁ «ፍሊከር ፍሪ» በሚባለው ዓይነት መቀየሩ ያዋጣል።

2. ቆይቶ አሸዋ የገባበት ያህል የሚቆረቁር ከሆነ

ይሄ ድርቀት ነው። ሰው በተለምዶ በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል ዓይኑን ያርገበግባል፤ ስክሪን ላይ ሲያፈጥ ግን ይህ ወደ ግማሽ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። እንባ ዓይን ላይ የሚዳረሰው በመርገብገብ ስለሆነ ዓይን ይደርቃል።

ታዲያ በላፕቶፕ ያልነበረ ድርቀት በሞኒተር ለምን መጣ? ላፕቶፕ ላይ ወደታች ስለምናይ ሽፋሽፍታችን ዓይናችንን በከፊል ይሸፍነዋል። ሞኒተሩ ከፍ ካለ ግን ዓይናችን ተበልጥጦ ይውላል፤ እንባውም ቶሎ ይተናል። በዚህ ላይ የድሬንና የዋሂልን ሙቀት፣ አቧራና ቬንትሌተር ጨምሩበት!

ምን እናድርግ?
• የሞኒተሩ የላይኛው ጠርዝ ከዓይናችሁ ትይዩ ወይም ትንሽ ዝቅ ይበል። ርቀቱ አንድ ክንድ ያህል፣ ማለትም ከ50 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ይሁን።
• በዚያ ሙቀት ቬንትሌተር አጥፉ አልላችሁም። ወደ ፊታችሁ ሳይሆን ወደ እግራችሁ አዙሩት።
• በየ20 ደቂቃው፣ ለ20 ሰከንድ፣ 6 ሜትር ያህል ራቅ ያለ ነገር እዩ። ዓይናችሁንም ሙሉ በሙሉ እየከደናችሁ አርገብግቡ።
• እንቅልፍ አትንፈጉት። ጫት ይዞ ስክሪን ላይ ማንጋት ለደረቀ ዓይን አይበጅም።

3. ፊደሉ የሚደበዝዝና ግንባር የሚያም ከሆነ

መጀመሪያ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ሪዞሉሽኑ «ሪኮመንድድ» የሚለው ላይ መሆኑን እዩ። ፊደሉ ካነሰ ስኬሉን ወደ 125 ወይም 150 በመቶ አሳድጉት። አንገታችሁን አስግጋችሁ አታንብቡ።

ይህንን አድርጋችሁም ካልተሻላችሁ መነጽር ሳያስፈልጋችሁ አይቀርም። በ1998 ዓ.ም. በተደረገው ብሔራዊ የዓይን ጥናት፣ በአገራችን ለዕይታ መዳከም አንድ ሦስተኛውን ድርሻ የያዘው በመነጽር ሊስተካከል የሚችል ችግር ነበር። ሞኒተሩ በሽታ አላመጣባችሁም፤ ተደብቆ የኖረውን አጋለጠ እንጂ። ዕድሜያችሁ 40 አካባቢ ከደረሰ ደግሞ የቅርብ ዕይታ መድከሙ የተፈጥሮ ነው። ስትለኩ «ስክሪኑ ከእኔ ይህን ያህል ይርቃል» ብላችሁ ርቀቱን ለባለሙያው ንገሩ።

ሁሉንም በአንድ ቀን አትቀያይሩ። አንድ ነገር ቀይራችሁ ሁለት ቀን እዩት፤ አለበለዚያ የትኛው እንደጠቀማችሁ አታውቁም።

ገንዘባችሁንና ዓይናችሁን አድኑ

«ብሉ ላይት» መነጽር፦ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የኮክሬን ግምገማ 17 ጥናቶችን መርምሮ፣ በስክሪን የሚመጣውን የዓይን ድካም በአጭር ጊዜ ውስጥ እንደማይቀንስ ነው ያመለከተው። ከመግዛታችሁ በፊት አስቡበት።

ቲቲሲ ቅባት፦ ለባክቴሪያ ኢንፌክሽን እንጂ ለስክሪን ድካም አይደለም።

ዴክሳሜታዞን ያለበት ጠብታ፦ እባካችሁ! መቅላቱን ቶሎ ስለሚያጠፋው መድኃኒት ያገኛችሁ ይመስላችኋል። ያለ ሐኪም ክትትል ሲደጋገም ግን የዓይን ግፊት ይጨምራል፣ ግላኮማና የዓይን ሞራ ያመጣል። በግላኮማ የጠፋ ዕይታ ደግሞ አይመለስም። ለጎረቤት የታዘዘ ጠብታ ለእናንተ አልታዘዘም። ለድርቀት ሰው ሠራሽ እንባ አለ፤ እሱንም ባለሙያ አማክራችሁ ውሰዱ።

ሞኒተሩን ትታችሁ ወደ ሐኪም የምትሄዱት መቼ ነው?

• ዕይታ በድንገት ሲቀንስ ወይም መጋረጃ የወረደ ሲመስል
• አንድ ዓይን ቀልቶ በኃይል ሲያም፣ ብርሃን ማየት ሲከብድ
• በመብራት ዙሪያ ቀለበት ሲታይ፣ ከማቅለሽለሽ ጋር
• ብልጭታና ብዙ ጥቁር ነጠብጣብ በድንገት ሲመጣ
• አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ሲታይ

እነዚህ የስክሪን ድካም አይደሉም። በዚያው ቀን ሂዱ። ዋሂል ያላችሁ በጤና ጣቢያ በኩል ሪፈር ተጽፎላችሁ የዓይን ባለሙያ ወዳለበት ሆስፒታል ድረሱ። «ነገ ይሻለኛል» አይባልም።

ቢሮ ውስጥ ዓይኑን እያሻሸ የሚውል ጓደኛ ካላችሁ ሼር አድርጉለት። መልካም ጤና!