«አይሆንም» የሚል ሜዲካል

ደጋፊ «ሜዲካል» የምትባለውን ነገር የሚያውቃት በዝውውር ሰሞን ነው። ተጫዋቹ ደረቱ ላይ ሽቦ ተለጣጥፎበት፣ አውራ ጣቱን አቁሞ ፎቶ ይነሳል፤ በማግስቱ ማሊያ ይዞ ይታያል። እዚህ አገር ሥራ የሚቀጠር ሁሉ ከፎቶግራፉ ጋር እንደሚያስገባት የጤና ምርመራ ወረቀት፣ ለወጉ ያህል የምትደረግ ትመስላለች። ኳስ ተጫዋች እኮ ደመወዝተኛ ነው። አሠሪው ክለቡ፣ የሥራ ቦታው ሜዳው፣ የሥራ መሣሪያው ደግሞ የገዛ ሰውነቱ። ሠራተኛው ጤነኛ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ምን ያህል እንደሚያስከፍልና ምን ያህል እንደሚያተርፍ ኢንተር ሚላንን የሚያህል የሚያውቅ ክለብ ጥቂት ነው።

በ1996 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ንዋንኮ ካኑ ከአያክስ ወደ ኢንተር ሲመጣ ገና የ20 ዓመት ልጅ ነበር። በዚያው ክረምት አትላንታ ላይ የናይጄሪያን የኦሊምፒክ ቡድን በአምበልነት መርቶ ወርቅ አጥልቋል። በግማሽ ፍጻሜው ብራዚል 3ለ2 እየመራች ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል አቻ ያደረገው፣ ከዚያም በወርቃማዋ ጎል 4ለ3 ያሰናበታት እሱ ነው። ይህን ሁሉ የሮጠ ልጅ የኢንተር ሐኪሞች ልቡን ሲያዩት አንዱ ቫልቭ ችግር ነበረበት። ካኑ ኳስ አበቃለት ተባለ። ክለቡ ግን ገና ምንም ያልሠራለትን ተጫዋች አውጥቶ አልጣለውም። በኅዳር ወር አሜሪካ ሄዶ ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ በ1997 ወደ ሜዳ ተመለሰ።

የቀረውን የአርሴናል ደጋፊ ያውቀዋል። በጥር 1999 ለንደን ገባ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ስታምፎርድ ብሪጅ ቼልሲ 2ለ0 ሲመራ፣ በ15 ደቂቃ ውስጥ ሦስት አግብቶ ጨዋታውን ገለበጠው። ያ ልብ ሚላን ላይ ባይመረመር ኖሮ እነዚያ ሦስት ጎሎች የት ይገኙ ነበር? ካኑ ራሱም ነገሩን አልረሳውም፤ በ2000 በስሙ ባቋቋመው የልብ ድርጅት ልባቸው የታመመ ሕፃናትን ማሳከም ጀመረ።

ሁሉም ግን እንደ ካኑ አልቀናውም። በ2002ቱ የዓለም ዋንጫ ፈረንሳይን ካሸነፈው የሴኔጋል ቡድን ከዋክብት አንዱ የነበረው ካሊሉ ፋዲጋ በ2003 ከኦክሰር ወደ ኢንተር ተዛወረ። ሐኪሞቹ የልብ ምቱ የተዛባ ነው ብለው ፈቃድ ከለከሉት። ለኢንተር አንድም የሊግ ጨዋታ ሳያደርግ ዓመቱ አለቀና በ2004 ወደ ቦልተን ሄደ። እንግሊዝ ውስጥ እንዲህ ያለ ክልከላ የለም፤ ጉዳዩ ለተጫዋቹ፣ ለሐኪሞቹና ለክለቡ ይተዋል። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ከቶተንሃም ጋር የካርሊንግ ካፕ ጨዋታ ሊጀመር ሲል ፋዲጋ ወደቀ። ተርፎ፣ የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ ተገጥሞለት እንደገና ተጫወተ። የጣሊያኖቹ «አይሆንም» ግን ከክፋት እንዳልመጣ ያኔ ታየ።

ፋዲጋ ኢንተር በገባበት በዚያው ክረምት፣ ጁን 26 ቀን 2003፣ ሊዮን ላይ ካሜሩን ከኮሎምቢያ በኮንፌዴሬሽን ካፕ ግማሽ ፍጻሜ ስትጫወት ማርክ ቪቪየን ፎኤ ማንም ሳይነካው በ72ኛው ደቂቃ ወደቀ። አልተነሳም። 28 ዓመቱ ነበር። አስከሬኑ ሲመረመር የልቡ ጡንቻ ከመጠን በላይ ወፍሮ ተገኘ። የካኑ ሕመም በሕይወት እያለ ታወቀ፣ የፎኤ ከሞተ በኋላ። ልዩነቱ ይኼ ነው።

ጣሊያን ከ1982 ጀምሮ ለውድድር የሚሰለፍ ስፖርተኛ ሁሉ በየዓመቱ እንዲመረመር በሕግ ታስገድዳለች፤ የልብ ምርመራም አለበት። በቬኔቶ ክልል የተደረገ ጥናት በ1980 አካባቢ ከ100 ሺህ ስፖርተኞች በዓመት 3.6 የነበረው ድንገተኛ የልብ ሞት በ2004 ወደ 0.4 መውረዱን አሳይቷል። ያም ሆኖ ሕግ ብቻውን ሰው አያድንም። የፊዮረንቲናው አምበል ዳቪዴ አስቶሪ በማርች 2018 ከጨዋታ በፊት ባደረበት የኡዲኔ ሆቴል ሞቶ ተገኘ። ለመጫወት ብቁ ነው ብሎ የፈረመለት ሐኪም በ2021 ፍሎረንስ ላይ ተፈርዶበታል። ወረቀት መፈረምና ሰውን መመርመር ለየቅል ናቸው።

ሦስተኛው የኢንተር ሰው ክርስቲያን ኤሪክሰን ነው። ጁን 12 ቀን 2021 ኮፐንሃገን ላይ ዴንማርክ ከፊንላንድ ስትጫወት ልቡ ቆመ፤ ሐኪሞች እዚያው ሜዳ ላይ መለሱት። ከኢንተር ጋር የሴሪ አ ዋንጫ ካነሳ ገና ሳምንታት ነበሩ። የልብ መሣሪያ በሰውነቱ ስለተቀበረ በጣሊያን ሕግ መጫወት ተከለከለ፤ በዲሴምበር ውሉ በስምምነት ፈረሰ። እዚህ ላይ ፍርዱ ይከብዳል። የጣሊያኑ ሕግ ብዙ ልጆችን ከሞት አትርፏል፣ መጫወት የሚችል ሰው ግን ሥራ አሳጥቷል። ኤሪክሰን ብሬንትፎርድ ገባ፣ ከዚያ ማንቸስተር ዩናይትድ።

በጁን 16 ቀን 2024፣ ከወደቀ ከ1,100 ቀናት በኋላ፣ ስቱትጋርት ላይ በአውሮፓ ዋንጫ ስሎቬኒያን ገጠሙ። 17ኛው ደቂቃ ላይ ዮናስ ዊንድ በተረከዙ ሸርተት ያደረጋትን ኳስ ኤሪክሰን በደረቱ አበረዳትና መረብ ውስጥ አስገባት።